የጣና ትንንሽ ዓሦች፦ ለሰው፣ ለቤት እንስሳትና ለሐይቁ አራዊት ያላቸው የምግብ ጥቅም

መግቢያ

በጎንደር ከተማ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች፣ በተለይ በጾም ወራት፣ ፈላጊ ከሚበዛላቸው የታሸጉ ምግቦች አንዱ ሰርዲን ነው። ይህ ቆርቆሮ ባሕርና ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ነው። ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎርጎራ ስንደርስ ግን የአገራችንን ትልቁን ሐይቅ፣ ጣናን፣ እናገኛለን። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ከጣት እምብዛም የማይበልጡ፣ በመንጋ የሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች አሉ። የሰርዲን ዘመድ ባይሆኑም በሐይቁ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ሰርዲን በባሕር ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል።

እነዚህን ዓሦች በሚመለከት ከልማት ሠራተኞችና ከዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ዘንድ በየጊዜው የሚነሣ ጥያቄ አለ። ጥያቄውም «ትልቁ ዓሣ እየቀነሰ ነው፤ ታዲያ ትንንሹን ብናጠምድ፣ ብናደርቅና ብንሸጥ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጥያቄው በጥናትና በተግባር የተደገፈ መልስ መስጠት፣ እንዲሁም ማኅበራት ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉትን ሥራ ማሳየት ነው።

1. ከሰርዲን የምናገኘው ትምህርት

ሰርዲን ማለት ከሄሪንግ ቤተሰብ የሆነ፣ በመንጋ የሚኖር ትንሽ የባሕር ዓሣ ነው። ከፍ ያለው ዓይነት በንግድ ስም ፒልቻርድ ይባላል። በቆርቆሮ ታሽጎ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚቀቀል አጥንቱ ይልማል፤ ከሥጋው ጋርም ይበላል። በመሆኑም ተመጋቢው ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ካልሲየምም ያገኛል። በሌሎች አገሮች ይኸው ዓሣ ለድመትና ለውሻ የታሸገ ምግብ፣ ለዶሮና ለእርባታ ዓሣ ደግሞ ዱቄት ይሆናል። በባሕሩ ውስጥም ትልልቅ ዓሦች፣ ወፎችና የባሕር አጥቢዎች የሚኖሩት በእርሱ ነው።

ይህን ያህል ተካፋይ ያለው ምግብ ያለ መጠን ሲወሰድ ምን እንደሚሆን የናሚቢያ ታሪክ ያስረዳል። በናሚቢያ ጠረፍ እ.ኤ.አ. በ1968 በአንድ ዓመት ከ1.3 ሚሊዮን ቶን በላይ ፒልቻርድ ተጠመደ። በተከታዩ አሥር ዓመታት ሀብቱ ወደቀ፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ። እስከ ዛሬም ወደ ቀድሞው መጠን አልተመለሰም። ከሰው ጋር አብረው የተጎዱት በዚሁ ዓሣ የሚኖሩት የባሕር ወፎች ናቸው። በደቡባዊ አፍሪቃ ጠረፍ የሚኖረው የአፍሪቃ ፔንጉዊን የምግብ እጥረት ካጠቃቸው ወፎች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ ገብቷል።

በሌላ በኩል ምሥራቅ አፍሪቃ መልካም ትምህርት ይሰጠናል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳጋ ወይም ኦሜና የሚባለው ትንሽ ዓሣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በመብራት እየተሳበ ይጠመዳል። ከዚያም በፀሐይ ደርቆ ድሃው ቤተሰብ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛው ምግብ ይሆናል፤ ከፊሉም ለዶሮ መኖ ይውላል። ስለሆነም ትንሽ ዓሣ ትልቅ ሀብት ሊሆን ይችላል። ሀብትነቱ የሚዘልቀው ግን ልኩ ሲታወቅ ነው።

2. በጣና ውስጥ ያሉት ዓሦች

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ትልቁ ጥልቀቱ ደግሞ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ስለለየው በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ዓሦች ይኖሩበታል።

ለገበያ የሚቀርቡት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦

ሀ. ቀረሶ፣
ለ. አምባዛ፣
ሐ. ነጭ ዓሣ፣ ይኸውም በሳይንስ ስሙ ላቤኦባርበስ የሚባለው ቡድን ነው።

የነጭ ዓሣው ቡድን ከአሥር በላይ የተለያዩ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነርሱ ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ቡድን ከውጭ በገቡ ዓሦችና ከልክ ባለፈ ማስገር ምክንያት ስለጠፋ፣ በዓለም ላይ ሳይፈርስ የቀረው የጣናው ብቻ ነው። ስለዚህ «ምርት ይጨምራል» በሚል ሐሳብ ከሌላ ሐይቅ ዓሣ አምጥቶ ወደ ጣና መልቀቅ ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ ርዝመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ትንንሾቹ ባርበሶች አሉ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለሥራችን ይጠቅማል፦

ሀ. ባርበስ ሁሚሊስ በአብዛኛው በዳርቻው አካባቢ፣ በዕፀዋትና በደንጊያ መካከል ይኖራል።
ለ. ባርበስ ታናፔላጂየስ የሚኖረው ከዳርቻው ርቆ በገላጣው ውኃ ሲሆን፣ ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ተለይቶ ለሳይንስ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

በእነዚህ ዓሦች ላይ ሰፊ ጥናት ያካሄዱት ዶክተር እሸቴ ደጀን ናቸው። ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2003 በኔዘርላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርበዋል። ጥናቱ ትንንሾቹ ዓሦች በፍጥነት አድገው በፍጥነት የሚራቡ መሆናቸውን፣ እንዲሁም ከጥቃቅኖቹ የውኃ ነፍሳት ወደ ትልልቆቹ ዓሦች ምግብ የሚሻገርባቸው ድልድይ መሆናቸውን አሳይቷል።

3. የሐይቁ አራዊት ድርሻ

ትንሹን ዓሣ ከሰው በፊት የሚካፈሉ ብዙዎች ናቸው። በውኃው ውስጥ ዓሣ በል የሆኑት ነጭ ዓሦችና አምባዛ ይበሉታል። ከውኃው በላይ ፔሊካን፣ የዓሣ ንስር፣ ሳቢሳና ሌሎችም ውኃ ጠላቂ ወፎች ይመገቡታል። ይህን ድርሻ ለአራዊት የተሰጠ ችሮታ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ምክንያቱም ነጭ ዓሣው የሚያድገው በትንሹ ዓሣ ስለሆነ፣ ትንሹን የጨረሰ አስጋሪ የነገውን ትልቅ ዓሣ በጫጩትነቱ አስርቦታል ማለት ነው።

የነጭ ዓሣው ሀብት ደግሞ ቀድሞውንም የተጎዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ከገቡ ወዲህ ማስገር ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ የተደረጉት መለኪያዎች ሲነጻጸሩ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ምርት ወደ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት ዓሦቹ በክረምትና በመፀው መግቢያ ዕንቁላል ለመጣል ወደ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ድርማና ሌሎችም ወንዞች ሲወጡ በየወንዙ አፍ መጠመዳቸው ነው። በአንዳንድ ወንዞች የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዓሣውን ማደንዘዝ፣ እንዲሁም አሸዋ ማውጣት ጉዳቱን ያባብሱታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የታየው የእምቦጭ አረምም የዳርቻውን የመራቢያና የማደጊያ ሥፍራ አጥቅቷል።

ከዚህ የምንደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። በዳርቻና በወንዝ አፍ በጥቅጥቅ መረብ «ትንሽ ዓሣ» ማጥመድ በተግባር የቀረሶንና የነጭ ዓሣን ጫጩት ማጥመድ ነው። በመረቡ ውስጥ የወጣው ሁሉ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አንድ ዓይነት አይደለም።

4. መጀመሪያ የሚጣለውን እንጠቀም

ታዲያ ማኅበራት ምን ይሥሩ? መልሳችን ከሐይቁ ተጨማሪ ዓሣ ከማውጣት በፊት የወጣውን በሙሉ መጠቀም ይቅደም የሚል ነው። ቀረሶ ለፊሌቶ ሲዘጋጅ ለሽያጭ የሚደርሰው ሥጋ ከዓሣው ክብደት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። ከ100 ኪሎ ግራም ዓሣ 65 ኪሎ ግራም ያህሉ ራስ፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ይህም በየወደቡ ለውሻና ለወፍ ይጣላል፤ ወይም ሸትቶ ዝንብ ያራባል።

ይህ ተረፈ ምርት ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ 15 ኪሎ ግራም ያህል የዓሣ ዱቄት ሊወጣው ይችላል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

ሀ. ራስና አጥንቱ በዕለቱ፣ ሳይሸት፣ ይሰብሰብ። ሆድ ዕቃው ትል ካለበት ተለይቶ ይቀበር።
ለ. በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በበርሜል ወይም በትልቅ ብረት ድስት 30 ደቂቃ ይቀቀል። ይህም ተውሳክን ይገድላል፤ ቅባቱንም ያወጣል።
ሐ. ውኃውና ቅባቱ ተጠንፍፎ ይጨመቅ። ቅባት የበዛበት ዱቄት ቶሎ ይሻግታልና።
መ. ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ በወንፊት ሽቦ ወይም በአሮጌ መረብ ተዘርግቶ በፀሐይ ይድረቅ።
ሠ. በእጅ ሲሰበር ቀጭ የሚል ሲሆን ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በደረቅ ጆንያ ይቀመጥ። ጆንያውም ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በርብራብ ላይ ይደር።

5. ለቤት እንስሳት

5.1 ለዶሮ

የዓሣ ዱቄት ለዶሮ ከእህልና ከፋጉሎ የማይገኙ የፕሮቲን ክፍሎችን፣ ካልሲየምንና ፎስፎረስን ይሰጣል። ዕንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች ለ100 ኪሎ ግራም መኖ የሚከተለው ድብልቅ ሊያገለግል ይችላል፦

የተከካ በቆሎ — 50 ኪሎ ግራም
የኑግ ፋጉሎ — 22 ኪሎ ግራም
የስንዴ ፉርሽካ — 13.5 ኪሎ ግራም
የኖራ ድንጋይ ዱቄት — 8 ኪሎ ግራም
የዓሣ ዱቄት — 6 ኪሎ ግራም
ጨው — 0.5 ኪሎ ግራም

ይህ ድብልቅ ወደ 16 ከመቶ የሚጠጋ ፕሮቲን ይኖረዋል። ከላይ የተጠቀሰው 15 ኪሎ ግራም የዓሣ ዱቄት 250 ኪሎ ግራም መኖ ለማዘጋጀት ይበቃል። አንዲት ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ብትበላ፣ ይህ መኖ 100 ዶሮዎችን ለ21 ቀናት ይመግባል። በአንድ ቀን የሚጣለው የ100 ኪሎ ግራም ዓሣ ተረፈ ምርት ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማኅበሩ አባላት በቁጥር ማስረዳት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

የሚከተሉት ጥንቃቄዎች መታወቅ አለባቸው። የዓሣ ዱቄት ከ10 ከመቶ በላይ ከሆነ ዕንቁላሉና ሥጋው ዓሣ ዓሣ ይላል። ለዕርድ የሚዘጋጁ ዶሮዎች ከመታረዳቸው ሁለት ሳምንት በፊት የዓሣ ዱቄት ይቁምላቸው። ጨው የገባበት ደረቅ ዓሣ ከሆነ በድብልቁ ላይ ሌላ ጨው አይጨመር። የዓሣ ዱቄት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል አይሰጥ።

5.2 ለድመትና ለውሻ

ድመት በገበሬው ቤት የጎተራ ጠባቂ ስለሆነች ጤንነቷ የእህሉ ደኅንነት ነው። ብዙዎች «ድመት ዓሣ ይስማማታል» በማለት ጥሬ ዓሣ ብቻ ይሰጧታል። ይህ ልማድ መታረም ያስፈልገዋል። በካርፕ ቤተሰብ ያሉ ዓሦች፣ የጣና ባርበሶች ጭምር የሚመደቡበት ቤተሰብ ማለት ነው፣ ጥሬ ሲሆኑ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ይገኝባቸዋል። ጥሬ ዓሣ ብቻ ለረጅም ጊዜ የምትበላ ድመት ምግብ ትጠላለች፣ ትንገዳገዳለች፣ በመጨረሻም ትንቀጠቀጣለች። ዓሣው ሲቀቀል ግን ይህ ንጥረ ነገር ይጠፋል። በተጨማሪም ጥሬ ሆድ ዕቃ ለድመትና ለውሻ የትል በሽታ ያስተላልፋል። ስለዚህ ዓሣ ተቀቅሎ፣ ከሌላ ምግብ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጥ። የትልልቅ ዓሦች አጥንት ጉሮሮ ይወጋልና ተፈጭቶ ካልሆነ አይሰጥ።

6. ለሰው፣ በተለይም ለደጋው ሕፃን

የደባርቅ፣ የዳባትና የጃናሞራ ደጋ ገበሬ ምግብ በአብዛኛው ከገብስ፣ ከስንዴ፣ ከባቄላና ከጤፍ የሚገኝ ነው። እነዚህ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ከእንስሳት የሚገኘው ምግብ ግን በበዓል ካልሆነ እምብዛም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 ከመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ቁጥር የዓሣ ልማትን ጉዳይ ከንግድ በላይ ያደርገዋል።

ትንሽ ዓሣ ከነአጥንቱና ከነራሱ ሲበላ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ ይሰጣል። አጥንቱ ከሚጣል ትልቅ ዓሣ ይልቅ ለሕፃን የሚበጀውም በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የሐይቅ ዓሣ አዮዲን እንደ ባሕር ዓሣ ስለሌለው፣ አዮዲን ያለበትን ጨው ይተካል ብሎ ማስተማር አይገባም።

ትኩስ ዓሣ ያለ በረዶ በሞቃት ቀን ከግማሽ ቀን በላይ አይቆይም። ከጎርጎራ ተነሥቶ ጎንደር ከተማ ሊደርስ ይችል ይሆናል፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቀው ለደባርቅ ግን አስተማማኝ የሚሆነው ደረቅ ዓሣ ነው። ሕዝባችን ሥጋን ቋንጣ አድርጎ ማቆየት ያውቃል፤ የዓሣ ቋንጣም ከዚሁ ዕውቀት የራቀ አይደለም። ለምግብ የሚሆን ዓሣ ሲደርቅ የሚከተለው ይፈጸም፦

ሀ. ዓሣው በተጠመደበት ዕለት ይዘጋጅ። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነው ሆድ ዕቃው ይውጣ፤ ወፍራሙ በስስ ይዘልዘል።
ለ. በ10 ሊትር ንጹሕ ውኃ 1 ኪሎ ግራም ጨው ተበጥብጦ ዓሣው ለ30 ደቂቃ ይነከር። ለሕፃናት የሚዘጋጀው ግን ያለ ጨው ይድረቅ።
ሐ. በቆጥ ላይ በስሱ ተዘርግቶ በአጎበር ይሸፈን፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይገላበጥ። ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይግባ።
መ. ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ትኩስ ዓሣ 1 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ይወጣዋል። ከዚህ እጅግ ከበለጠ አልደረቀም ማለት ነው።
ሠ. ለማድረቅ ምቹው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በክረምት አይጀመር።

አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ዝንብና ነቀዝ ለመከላከል በሚደርቅ ወይም በደረቀ ዓሣ ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት መርዝ ማብላት ነው። መከላከያው አጎበር፣ ጨው፣ ንጽሕናና ደጋግሞ ፀሐይ ማስመታት ብቻ ነው።

አበሳሰሉ ቀላል ነው። ደረቅ ዓሣ በሙቅ ውኃ ታጥቦ በሽንኩርትና በበርበሬ ወጥ ይሠራል፤ ወይም ተወቅጦ በሽሮ ላይ ይነሰነሳል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ጨው ያልገባበት ደረቅ ዓሣ በደንብ ልሞ፣ ተነፍቶ፣ ከገንፎው ጋር አብሮ ይብሰል። በመጀመሪያ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ይጀመር፤ ሰውነቱ ካላሳከከውና ሆዱ ካልታወከ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይደረስ። ጥሬ ዓሣ ለማንም አይመከርም፤ በጣና ዓሦች ላይ ለሰው የሚተላለፍ ትል ይገኛልና። በትንንሾቹ ባርበሶች ሆድ ውስጥ አንዳንዴ የሚታየው ረጅምና ነጭ ጥብጣብ መሰል ትል ሊጉላ ይባላል። በዓሣ በል ወፎች አማካይነት የሚዛመት ሲሆን፣ የተገኘበት ዓሣ ወደ ሐይቁ ሳይመለስ ይቀበር።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ጉዳይ በየቤቱና በየንስሐ አባቱ የሚወሰን ነው። የልማት ሠራተኛው በዚህ ክርክር ውስጥ አይግባ። የእርሱ ድርሻ ለሚበላው ቤተሰብ ንጹሕ ዓሣ እንዲደርስ መርዳት ነው። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች እንዴት መመገብ እንዳለባቸው ግን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተባብሮ ያስረዳ።

7. የማኅበሩ የሥራ ቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ስናስቀምጠው፣ አንድ ማኅበር በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሠራ ይጠቀማል፦

አንደኛ፣ ተረፈ ምርቱን ለአንድ ወር በየቀኑ መዝኖ ይመዝግብ። ያልተመዘነ ሀብት በስብሰባ ላይ ወሬ ብቻ ነው።
ሁለተኛ፣ አንድ የመቀቀያና የማድረቂያ ሥፍራ አዘጋጅቶ የዓሣ ዱቄቱን ለአካባቢው ዶሮ አርቢዎች ያቅርብ።
ሦስተኛ፣ በገበያ ዋጋ የሚያጣውን ትንንሽ ቀረሶና አምባዛ ለጎንደር ገበያ ከመጣል ይልቅ አድርቆ ለደጋው ወረዳዎች ለመሸጥ ይሞክር። የሚደርቀውም በተፈቀደ መረብ የተያዘው ብቻ ይሁን።
አራተኛ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ በመተዳደሪያ ደንቡ ይወስን። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና የክልሉ ሕግ ለዚህ መነሻ ይሆናሉ።
አምስተኛ፣ የገላጣውን ውኃ ትንንሽ ዓሦች ለማጥመድ የሚያስብ ማኅበር በራሱ ውሳኔ አይጀምር። ከግብርና ጽሕፈት ቤቱና ከባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጋር ተመካክሮ፣ በጥቂት ጀልባ፣ ከዳርቻ ርቆ፣ የተያዘው ሁሉ በዝርያ እየተለየ በሚመዘገብበት ሙከራ ብቻ ይሁን። በመረቡ ውስጥ የቀረሶና የነጭ ዓሣ ጫጩት በብዛት ከታየ ሙከራው ይቁም።

የመወያያ ጥያቄዎች

የልማት ሠራተኛው ይህን ጽሑፍ ለአባላት ካነበበ በኋላ በሚከተሉት ላይ ያወያይ፦

1. በእኛ ወደብ በሳምንት ስንት ኪሎ ግራም የዓሣ ራስና አጥንት ይጣላል? ማንስ ይወስደዋል?
2. አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩ ያገኙት የነበረው የነጭ ዓሣ መጠን ዛሬ ከምናገኘው ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው?
3. በመረባችን የሚወጣውን ትንሽ ዓሣ ሁሉ በዓይነቱ ለይተን እናውቃለን?
4. በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋው የማኅበራችን አባል ቢሆን ምን እንወስናለን?

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በቂ ጊዜ ይሰጠው፤ የተደረሰበትም ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ አባላት ይፈርሙበት።